ፍላሜንኮን እንጀራ ማድረግ፦ ከጎጃም ለደረሱን አራት ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ለዚህ እትም ከጎጃም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው በአንድነት አቅርበናቸዋል። ጉዳዩ የስፔኑ የፍላሜንኮ ውዝዋዜ ነው፤ ሰው እንዴት ይማረዋል፣ ተምሮስ እንዴት ይኖርበታል የሚለው። ከመጀመሪያዋ ጠያቂ ጋር ረዘም አድርገን የቆየነው ለሌሎቹ የምንሰጠው መልስ በእርሷ መልስ ላይ ስለሚመሠረት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የ19 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው በደብረ ማርቆስ ነው። በትምህርት ቤት የባህል ክበብ ውስጥ እስክስታ ስወርድ ነው ያደግሁት። የፍላሜንኮ ተወዛዋዦችን በስልኬ ማየት ከጀመርሁ ወዲህ ግን ልቤ ወደዚያ ሄዷል፤ የእግራቸውንም አመታት ማታ ማታ ለብቻዬ እለማመዳለሁ። ባለሙያዎቹ ስንት ዓመት ይማራሉ? በእኔ ዕድሜ መጀመር ዘግይቷል? ወደ ስፔን ሄጄ ለመማር ብፈልግስ ከምን ልነሣ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ በደብዳቤሽ ውስጥ ቆም እንድንል ያደረገን የእግር አመታቱን ነጥለሽ መለማመድሽ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ፍላሜንኮ ማለት ወለል የሚያናውጥ እግር ስለሚመስለው ጀማሪ ሁሉ ከዚያው ይነሣል፤ አንቺም ብትነሺ አይፈረድብሽም። በሙያው የቆዩ መምህራን ግን አንዲትን ተወዛዋዥ ሲመዝኑ እግሯ የቱን ያህል እንደሚፈጥን ከመጠየቃቸው በፊት ምቱን ይዛዋለች ወይ፣ ዘፋኙንስ ትሰማዋለች ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ከምንመልስልሽ ሁሉ አብልጠሽ እንድትይዥው የምንፈልገውም ይህንኑ ነው፤ በዚህ ሙያ ከእግር በፊት የሚሠለጥነው ጆሮ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የጥበቡን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ፍላሜንኮ በደቡብ ስፔን በአንዳሉሲያ፣ በተለይም በሴቪያ፣ በሄሬዝ ዴ ላ ፍሮንቴራና በካዲዝ፣ ሂታኖ የሚባሉት የስፔን ሮማዎች (በተለምዶ ጂፕሲ የሚባሉት) ከሌላው የአገሩ ሕዝብ ጋር ተጎራብተው በኖሩባቸው ሠፈሮች ያደገ ሲሆን ዘፈን፣ ጊታርና ውዝዋዜ በአንድነት የሚቆሙበት ጥበብ ነው። ከሦስቱ ቀዳሚው ዘፈኑ ነው። ዘፈኖቹም በዓይነት ተለይተው የየራሳቸው ስም፣ ስሜትና የምት ሥርዓት አላቸው። ሶሌያ የተባለው ከባድና የተረጋጋ ዓይነት በ12 ምት ይዞራል፤ ጠበቅ ተደርገው የሚመቱትም 3ኛው፣ 6ኛው፣ 8ኛው፣ 10ኛውና 12ኛው ናቸው። ቡሌሪያስ ይህንኑ ዑደት በፍጥነት ያሽከረክረዋል፤ ታንጎስ በ4 ይሄዳል፤ ሲጊሪያ ደግሞ በ12 ቢዞርም አረማመዱ ከሶሌያ ይለያል። እስቲ ስልክሽን አስቀምጪና ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት እየቆጠርሽ በጠቀስናቸው ቁጥሮች ላይ ብቻ ጠንከር አድርገሽ አጨብጭቢ። እስከ ስድስት ድረስ በሦስት በሦስት ሲራመድ የነበረው ምት ከዚያ በኋላ በሁለት በሁለት መራመድ ሲጀምር ትሰሚያለሽ። በየሰርጉ የምንወዛወዝበት ችክችካ በስድስት የሚሄድ ስለሆነ የመጀመሪያው ግማሽ ለጆሮሽ እንግዳ አይሆንም፤ የሚጥልሽ ሁለተኛው ግማሽ ነው።

ባለሙያዋ መድረክ ላይ ስትቆም ሥራዋ በዚህ ዑደት ውስጥ ከዘፋኙና ከጊታሪስቱ ጋር መነጋገር ነው። ታብላኦ በሚባሉት የፍላሜንኮ ቤቶች የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ረጅም ልምምድ ሳያደርጉ፣ አንዳንዴም በዚያው ምሽት ተገናኝተው ወደ መድረክ ይወጣሉ፤ ይህን የሚያስችላቸው ሁሉም የሚያውቁት ሥርዓት መኖሩ ነው። ተወዛዋዧ ያማዳ በተባለ የእግር ጥሪ ዘፋኙን ትጋብዘዋለች፤ እርሱ ሲያዜም እግሯን ዝም አሰኝታ በክንዷና በቀላል እርምጃ ታጅበዋለች፤ ስንኙን ሲዘጋ እርሷም ምቱን በአጭሩ ትዘጋዋለች። እግር ብቻውን የሚናገርበት፣ ኤስኮቢያ የሚባል ክፍልም አለ፤ በስልክሽ ላይ የምታዪው አጫጭር ቅንጭብ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ክፍል የተቆረጠ ሳይሆን አይቀርም። ዘፋኙ እያዜመ ሳለ በእግሯ የምታንጎደጉድ ተወዛዋዥ ግን የቱንም ያህል ፈጣን ብትሆን ያልተማረች ትባላለች። በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤት የአቋቋም ተማሪ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ከመቆሙ በፊት ዜማውን በቃሉ እንደሚያጠና ሁሉ፣ በእነርሱም ዘንድ ዘፈኑን ሳያውቁ መወዛወዝ ቅደም ተከተል እንደ ማፍረስ ይቆጠራል።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የምትሆነን ላ ቻና በሚል ስም የታወቀችው የባርሴሎናዋ አንቶኒያ ሳንቲያጎ አማዶር ናት። በልጅነቷ ከሬዲዮ የምትሰማውን ፍላሜንኮ እየተከተለች ምቱን በራሷ አጠናች፤ ካደገች በኋላም በምት አያያዟ ከዘመኗ ተወዛዋዦች ስሟ ከፍ ብሎ የሚነሣ ሆነች። በስተእርጅናዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ በእግሯ ብቻ ስትወዛወዝ ያያት ተመልካች ከመቀመጫው እየተነሣ ያጨበጭብላት ነበር።

ወደ ሥልጠናው ዘመን ስንመጣ ሁለት ጥንታዊና ዘመናዊ መንገዶች አሉ። ጥንታዊው ቤተሰብ ነው። ስመ ጥሯ ተወዛዋዥ ካርመን አማያ ገና ሕፃን ሳለች በባርሴሎና ድኻ ሠፈር በሶሞሮስትሮ አባቷ በሚጫወተው ጊታር ትወዛወዝ ነበር፤ በ1982 በሴቪያ የተወለደው ፋሩኪቶ ከአያቱ ከፋሩኮ ተማረ፤ ሳራ ባራስ የጀመረችው እናቷ በካዲዝ አውራጃ በሳን ፈርናንዶ ባቋቋመችው ትምህርት ቤት ነው። ዘመናዊው መንገድ የመንግሥት የውዝዋዜ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በስፔን ሥርዓት 4 ዓመት የመጀመሪያ ደረጃና 6 ዓመት የሙያ ደረጃ አለው፤ ከፍተኛ ደረጃውን ለሚቀጥሉ ደግሞ ሌላ 4 ዓመት ይጨመራል። ልጆቹ የሚገቡት ባብዛኛው በ8 ዓመታቸው ገደማ ስለሆነ የሙያ ደረጃውን የሚጨርሱት አንቺ አሁን ባለሽበት ዕድሜ አካባቢ ነው። በማድሪድ እንዲህ ካለው ትምህርት ቤት የወጣችው ሮሲዮ ሞሊና በ2022 ቬኒስ ቢየናሌ ከተባለው የጣሊያን ዓለም አቀፍ የጥበብ ትርኢት በውዝዋዜ ዘርፍ የብር አንበሳ ተሸልማለች። በሁለቱ መንገዶች መካከል ደግሞ የግል አካዳሚዎች አሉ፤ በማድሪድ አሞር ዴ ዲዮስ፣ በሴቪያም በትሪያና ሠፈርና በአካባቢው ያሉት፣ ባለሙያዎች ራሳቸው ለልምምድ የሚከራዩአቸውና መጤ ተማሪዎች በወር ወይም በሳምንት የሚመዘገቡባቸው ናቸው። ከቤተሰብ የተማረውም ከትምህርት ቤት የወጣውም ሁለቱም ወደ እነዚህ ክፍሎች መመለሳቸው የተለመደ ነው።

በክፍል ውስጥ የሚሠራው ከጠበቅሽው በላይ ይለያያል። የእግር ልምምዱ የእግርን መዳፍ፣ ተረከዝን፣ ጫፍንና ሙሉ እግርን ለየብቻ የማሰማት ትምህርት ነው፤ በዝግታ ተጀምሮ እያንዳንዱ ድምፅ ጥርት ብሎ እስኪለይ ድረስ ፍጥነት አይጨመርበትም። ከዚያ ክንድ፣ የእጅ አንጓና ጣቶች፣ መዞር፣ ረጅም ጭራ ያለውን ቀሚስ በእግር እየመለሱ መሄድ፣ እንዲሁም ለሌላው ተወዛዋዥ ማጨብጨብ ይመጣል። ማጨብጨብን እንደ ተራ ነገር አትዪው፤ ጀማሪ ወደ ባለሙያዎች መሀል የምትገባበት የመጀመሪያው በር ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ከእስክስታ የምታመጪው የሚጠቅምሽም የሚያስቸግርሽም አለ። የምት ስሜትሽና በሰው ፊት ያለ እፍረት መቆምሽ ይጠቅምሻል። ትከሻሽ ግን በጎጃም ሲሸለም የኖረ ስለሆነ በምቱ ሁሉ መነሣት ይፈልጋል፤ የፍላሜንኮ መምህር ደግሞ ትከሻሽን ዝቅ አድርጊ፣ ጉልበትሽን ጥቂት አጠፍ አድርገሽ ክብደትሽን ወደ መሬት ስጪ እያለች ትጨቀጭቅሻለች።

ዕድሜን በተመለከተ በግልጽ እንነጋገር። በ1978 የተቋቋመውን የስፔን ብሔራዊ የውዝዋዜ ቡድን የመሰለ ድርጅት ተወዛዋዦቹን በፈተና ሲመርጥ ፍላሜንኮ ብቻ ሳይሆን ክላሲካል ባሌትና ካስታኔት በተባለ በጣት በሚጋጭ የእንጨት መሣሪያ የሚታጀበውን የስፔን ባህላዊ ውዝዋዜ ጭምር ስለሚፈልግ፣ ያ በር በ19 ዓመት ለሚጀምር ሰው ተዘግቷል ብትዪ ስሕተት የለብሽም። ለብቻ የሚወዛወዙበትና የማስተማሩ መስመር ግን እንዲህ አይደለም። ጃፓናውያኑ ዮኮ ኮማትሱባራና ሾጂ ኮጂማ በ1960ዎቹ፣ አዋቂ ሆነው ወደ ስፔን ተሻግረው ተማሩ፤ ዛሬ ጃፓን ከስፔን ውጭ ፍላሜንኮ እጅግ ከሚወደድባቸው አገሮች አንዷ የሆነችው እንዲህ ባሉ ሰዎች ድካም ነው። ጥበቡም ለጎልማሳ ፊቱን አያዞርም፤ በ50 እና በ60 ዓመታቸው መድረክ ላይ የሚወጡ፣ ከወጣቶቹ ይልቅ የሚከበሩም አሉ።

አሁን ከቤትሽ ሳትወጪ ልትጀምሪው የምትችይው ይህ ነው። አንድ የዘፈን ዓይነት፣ ለምሳሌ ሶሌያን፣ ምረጪና የተለያዩ ዘፋኞች ሲዘፍኑት እያጨበጨብሽ አድምጪ፤ ዘፋኙ ስንኙን የሚዘጋበትን ቦታ ሳትሳሳቺ መገመት እስክትችይ ድረስ ወደ ሌላ ዓይነት አትለፊ። በአቅራቢያሽ የምታውቂው ማሲንቆ ተጫዋች ካለ፣ ግጥሙን በፈለገበት ቦታ እንዲያስረዝምና እንዲያሳጥር ጠይቂውና በእስክስታ ተከተይው፤ ሳይነገራት የምትመልስ ተወዛዋዥ መሆንን በአገር ልብስና በአገር ዜማ መማር ይቻላልና። ስፓኒሽኛ ጀምሪ፤ ክፍሎቹም ዘፈኖቹም በዚያ ቋንቋ ናቸው። ገንዘብ ስታጠራቅሚ ደግሞ የመጀመሪያ ጉዞሽ አጭር ይሁን። ከ1997 ጀምሮ በየዓመቱ በየካቲትና በመጋቢት ወር አካባቢ በሚካሄደው የሄሬዝ ፌስቲቫል ከየአገሩ ለሚመጡ ተማሪዎች በታወቁ ባለሙያዎች የሚሰጡ የቀናት ኮርሶች አሉ። እስከ 90 ቀን ለሚደርስ ቆይታ የሸንገን ቪዛ፣ ከዚያ ለሚበልጥ ትምህርት የተማሪ ቪዛ ያስፈልጋል፤ የተማሪ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ትምህርት ቤቱ ለዚህ የሚበቃ ዕውቅና ያለው መሆኑን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ከኤምባሲው ማረጋገጥ ይኖርበታል። በተወዛዋዥነት ሥራ እናስቀጥርሻለን ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ከመጣ ግን ደጅሽን አትክፈችለት፤ ባለ ታብላኦዎች ሳያዩ አይቀጥሩም።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም የምጽፍላችሁ አባት ነኝ። ልጄ የሒሳብ አያያዝ ትምህርቷን አቋርጣ ይህንኑ የስፔን ጭፈራ ልማር ትለኛለች። በእኛ አገር አዝማሪ በየሰርጉ ግንባሩ ላይ በሚለጠፍለት ብር እንደሚኖር አውቃለሁ። እነዚያስ በምን ይተዳደራሉ? እንጀራ ይወጣዋል?

መልስ፦ ክቡር አባታችን፣ ይወጣዋል፤ ነገር ግን ከአንድ ምጣድ አይወጣም። ከሙያው የሚኖር ሰው ገቢውን ከሦስት ወይም ከአራት ቦታ ይለቃቅማል።

የዕለት ጉርሱ ታብላኦ ነው። ከ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በሴቪያና በሌሎች ከተሞች የተከፈቱት የዘፈን ቡና ቤቶች ፍላሜንኮን ተከፍሎ የሚሠራ ሙያ አደረጉት፤ ከ1950ዎቹ ወዲህ ቦታቸውን ታብላኦዎች ያዙ፤ ከእነርሱም በማድሪድ በ1956 የተከፈተው ኮራል ዴ ላ ሞሬሪያ እስከ ዛሬ ይሠራል። ተወዛዋዡ በዚህ የሚከፈለው ባብዛኛው በምሽት ሒሳብ ስለሆነ ያልሠራበት ምሽት አይቆጠርለትም፤ ቱሪስት ሲጠፋ ሥራውም ይጠፋል። በኮቪድ ጊዜ በማድሪድ ካሳ ፓታስን የመሳሰሉ ስመ ጥር ቤቶች እንደ ተዘጉ ቀሩ፤ በእነርሱ የሚኖሩ አርቲስቶችም ያለ ሥራ ከረሙ። የተሻለ እርጋታ ያለው በውዝዋዜ ቡድን መቀጠር ነው፤ ከብሔራዊው ቡድን ሌላ የአንዳሉሲያ መንግሥት በ1994 ያቋቋመው ቡድን አለ፤ እንደ ማሪያ ፓሄስና ሳራ ባራስ ያሉ ታላላቅ ተወዛዋዦች ያቋቋሟቸው የግል ቡድኖችም አሉ። ቦታው ግን ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ ስማቸውን የሚያወጡት በውድድር ነው፤ ከ1956 ጀምሮ የሚካሄደው የኮርዶባው ብሔራዊ ውድድርና በላ ኡኒዮን የማዕድን ከተማ በ1961 የተጀመረው ፌስቲቫል ዋነኞቹ ናቸው። ኢስራኤል ጋልቫን በ1996 በላ ኡኒዮን የውዝዋዜውን ሽልማት ካገኘ በኋላ ዓለም የሚያውቀው ሰው ሆኗል፤ ተሸልሞ የተረሳ መኖሩንም አንደብቅዎትም።

እኛ ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚታመነው ገቢ ማስተማር ነው እንላለን። በመድረክ ስማቸው የገነነ ሰዎች እንኳ በጃፓን፣ በፈረንሣይና በአሜሪካ እየዞሩ ያስተምራሉ፤ መድረኩ ስም ያመጣል፣ ስሙም ተማሪ ያመጣል። የሴቪያዋ ተወዛዋዥ የክሪስቲና ኦዮስ ታሪክ ይህን ያሳያል፤ በአንቶኒዮ ጋዴስ ቡድን ለብዙ ዓመታት ሠርታ፣ በ1988 የራሷን ቡድን አቋቁማ፣ በኋላም የአንዳሉሲያን ቡድን መርታ፣ በ2006 በትውልድ ከተማዋ የፍላሜንኮ ውዝዋዜ ሙዚየም ከፍታለች፤ ሙዚየሙ ያስጎበኛል፣ ያስተምራል፣ ማታ ማታም ትርኢት ያሳያል።

ስለዚህ ልጅዎ ሒሳብ አያያዙን እንድታቋርጥ አንመክርም። ይህን የምንለው ጭፈራውን ንቀን አይደለም፤ በዚህ ሙያ የራሱን ውል፣ ግብርና የጉዞ ወጪ ራሱ የማይቆጣጠር ሰው ብዙ እንደሚበደል ስለምናውቅ ነው። የጀመረችውን ትጨርስ፤ ለደብረ ማርቆሷ እህታችን የመከርነው የማድመጥ ልምምድ ከትምህርት ጋር አብሮ የሚሄድ ነው።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር በአንድ የባህል ቡድን ውስጥ እወዛወዛለሁ። ፍላሜንኮ መማር እፈልጋለሁ ስል ጓደኞቼ የሴት ጭፈራ ነው እያሉ ይስቁብኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጓደኞችህ ቀሚሱን አይተው ነው። ተወዛዋዡ ቪሴንቴ ኤስኩዴሮ በ1951 የወንድ ውዝዋዜ ምን መምሰል አለበት የሚለውን በአሥር ነጥብ ደንግጎ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው አንቶኒዮ ጋዴስም በቁጥብነቱና በቀጥተኛ አቋሙ የወንድ ተወዛዋዥ አርአያ ሆኖ ይጠቀሳል። ቀደም ባለው ዘመን ክንድና ወገብ የሴት፣ እግር የወንድ የሚል ክፍፍል ነበር። ካርመን አማያ ሱሪ ታጥቃ ከወንዶቹ በላይ በእግሯ ስታንጎደጉድ ያ ክፍፍል ተናጋ፤ በዘመናችን ደግሞ ማኑኤል ሊኛን ባለ ጭራውን ቀሚስ ለብሶ ከወንዶች ጋር በመወዛወዝ በሌላው በኩል አናግቶታል። ከእነዚህ የቱን እንደምትመርጥ መምህርህ ሳይሆን አካልህ ይነግርሃል። አንድ ነገር ልንጨምርልህ፦ በባህል ቡድን ውስጥ ከሙዚቀኞች ጋር በየሳምንቱ መድረክ ላይ መዋልህ ብዙ የፍላሜንኮ ተማሪዎች ገንዘብ ከፍለው የማያገኙት ዕድል ስለሆነ፣ ለአዲሱ ብለህ እርሱን እንዳትለቀው።

ጥያቄ፦ በሞጣ የምኖር ጡረተኛ የጤና ባለሙያ ነኝ። የእህቴ ልጅ እናንተ የምትሉትን ውዝዋዜ በሲሚንቶ ወለል ላይ ሌሊቱን ሙሉ ትረግጣለች። ጉልበቷ አይጎዳም?

መልስ፦ ይጎዳል፤ ስጋትዎ ትክክል ነው። የፍላሜንኮ ተወዛዋዦች በብዛት የሚታመሙት እግራቸውን፣ ጉልበታቸውንና ታችኛውን የጀርባ ክፍላቸውን ሲሆን ምክንያቱ ለረጅም ሰዓት የሚደጋገመው ምት ነው። ለዚህም ሲባል ባለሙያዎቹ የሚለማመዱት የሚያነጥር የእንጨት ወለል ላይ ነው፤ ሲሚንቶ ምቱን ሁሉ ወደ አጥንት ይመልሰዋል። ጫማቸውም ከጫፉና ከተረከዙ በታች ትንንሽ ምስማሮች የተመቱበት፣ እግርን ጭምቅ አድርጎ የሚይዝ፣ ለዚሁ የተሠራ ጫማ ነው፤ በተራ ባለ ተረከዝ ጫማ መርገጥ ቁርጭምጭሚትን ሊያስወልቅ ይችላል። እስከዚያው አናጢ ዘንድ ሄዳ ከሥሩ አግዳሚ እንጨት የተመታበት፣ ግራና ቀኝ ለመርገጥ የሚበቃ የጣውላ ሰሌዳ ታሠራ፤ ከሰሌዳው ሥርም ወፍራም ምንጣፍ ታንጥፍበት። ከመጀመሯ በፊት ሰውነቷን ታሟሙቅ፤ የእግር ልምምዱን በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አታሳልፍ፤ ሕመም ከተሰማት ደግሞ ለጥቂት ቀናት እግሯን አሳርፋ በጭብጨባ ብቻ ትለማመድ። ሕመሙ ከዕረፍት በኋላም ካልለቀቃት፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳት ከሆነ፣ ሐኪም ይያት፤ የእግር አጥንት ከመደጋገም የተነሣ በቀጭኑ ሊሰነጠቅ እንደሚችል እርስዎ ከእኛ በተሻለ ያስረዷታል።